እንጃ ተራራ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከአራት ኪሎ ማዶ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወገቤ ጎብጦ፣ ዓይኔ አምፖል ለምዶ፣
ተራራ ስስል ኖርኩ፤
በቡናማ ቀለም፣ በቀጭን ብዕር ጫፍ፣
ምድር ከፍ ባለች ቁጥር አንዲት መስመር መጻፍ።
መስመር ሲጠጋጋ፣ ገደል ነው እላለሁ፤
ሲራራቅ፣ ሜዳ ነው፤ በጣቴ እሄዳለሁ።
ከእንጦጦ ወዲያ ግን በእግሬ ወጥቼ አላውቅ፤
ዳገት የምለው የቢሮውን ደረጃ ነው፣ ሊፍቱ ቀጥ ሲል፣ ሲደርቅ።

ዘንድሮ አለቃዬ በጸሐፊ አስጠሩኝና፣
«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ፈቃድሽ ሊቃጠል ነው» አሉኝ፣ መነጽራቸውን አወለቁና።
ፈቃድም እንደ ሽሮ ይቃጠላል ለካ!
ቅጹን ሞላሁላቸው፣ ሳልመዝን፣ ሳልለካ።
ከላምበረት ንጋት አውቶብስ ተሳፈርኩ፤
በሦስተኛው ቀን ላይ፣
ከገዛ መስመሬ ውስጥ ቆሜ፣ ክንዴን ቆነጠርኩ።

ጓሳው እስከ ጉልበት፣ ጤዛው እስከ ካልሲ፤
የሚጮኽ የለ፣ ረዳት የለ፣ ጡሩምባ የሚነፋ ታክሲ።
ዝምታው ሲከብደኝ ጆሮዬን ነካሁት፤
ደንቁሮ እንደሆን ብዬ በመዳፌ መታሁት።
ጅብራው ጉም ለብሶ ቆሟል እንደ ዘበኛ፤
ጭላዳው ሣሩን ይነጫል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለእኛ።
እኛ ማለት፣ እኔና መንገድ መሪው ይፍሩ፤
ዱላው ከዕድሜው የሚያረጅ፣ ቃላቱ የተቆጠሩ።
ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሼ አለቀ፤
በእኔ ካርታ ይሄ አራት መስመር ነበር፣ ከጥፍሬ ያልራቀ።

አራቱን መስመር ግማሽ ቀን ወጣሁት።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ካርታዬን ዘረጋሁ፣
ነፋስ እንዳይወስደው በአራት ድንጋይ ያዝኩ፣
«ይኸው» አልኩ በኩራት፣ «እንጃ ተራራ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት፤
ይህን ‹እ› አየኸው? ሙሉ ቀን ነው የደከምኩበት።»
ይፍሩ ሣቀ።
ቁጭ ብሎ ሣቀ።
ሣቁ ከገደል ገደል እየተላተመ ራቀ።
«አባቴ ነዋ!» አለ፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣
«ቀያሾች መጡ አሉ፤ በበቅሎ፣ በመነጽር፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በሩን ዘገገ፤
አባቴ ግን ሜዳ ላይ ተያዘ።
‹ይህ ተራራ ማን ይባላል?› ቢሉት፣
ግብር ሊጥሉበት መሰለው፤ ‹እንጃ!› ብሎ አለፈ።
እነሱም ጻፉት።»

ብዕሬን አነሣሁ። ክዳኑን ከፈትኩ።
«እውነተኛ ስሙን ንገረኛ፤ ላርመው» አልኩ።
ካርታውን አየ። ብዕሬን አየ።
ጉሙ ሲመጣ አየ፤ ረጅም ጊዜ ቆየ።
«እንጃ» አለኝ፤
ዱላውን አነሣና ቁልቁለቱን ጀመረ።

ዛሬ ሰኞ ነው። ፒያሳ ነኝ።
ጉልበቴ እንደ በር ማጠፊያ ይንጫረራል፤
ጫማዬ ውስጥ የመጣች ጠጠር አለች፤ ይቆረቁራል፤
አላወጣኋትም።
ክር የምገዛበት ሱቅ የለም፤ አበባ ተክለውበታል፤
አስፋልቱ ከመንጻቱ የተነሣ ሰማይ ይታይበታል።
ብርቱካን ሰደርያ የለበሰ ልጅ፣ ባለሦስት እግሩን ተክሎ፣
«እናቴ፣ ይቅርታ» አለኝ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣
«ይህ ቦታ ድሮ ማን ይባል ነበር?»

አውቃለሁ እኮ።
እዚህ ጋ የጌታነህ ሰዓት ማደሻ፣ ሁሌ አሥር ሰዓት የሚል ግድግዳው፤
እዚያ የዓምሳለ ጸጉር ቤት፣ ካስክ የደፉ ሴቶች በረድፍ፣ ሐሜት ሲቀዳ፤
ከጀርባው ያቺ ጠባብ ቅያስ፣
ሁለት ሰው ሲተላለፍባት አንዱ ሆዱን የሚስብባት፣
እኔ አንድ ማታ፣ በዝናብ፣ ሆዴን ያልሳብኩባት፤
ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።
ብዕሩን አየሁ። ጠጠሯን ረገጥኳት።

«እንጃ፣ ልጄ» አልኩት።

ማስታወሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ።
የእጅ ጽሑፉ ደህና ነው፤
«ጃ»ን ብቻ ትንሽ አጣመማት።